ለተራራ መንገድና ለድንኳን ማደሪያ የሚስማማውን ኪልት ስለ መምረጥ

ልብስ ለሰው ልጅ ሁለት አገልግሎት ይሰጠዋል። አንደኛው ገላውን ከብርድና ከሐሩር መጠበቁ ነው፤ ሁለተኛውም የመጣበትን አገርና የተወለደበትን ወገን ለሚያየው ሁሉ መናገሩ ነው። እነዚህ ሁለቱ ተስማምተው ሲኖሩ መልካም ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ይጣላሉ። ለበዓል የሚያምረው ልብስ በዝናብና በጭቃ ውስጥ ለባሹን ያስቸግረዋል፤ ለመንገድ የሚመቸውም ልብስ ያባትን ወግ የማያሳይ ይሆናል። ሁለቱን ለማስታረቅ ማስተዋልን ከሚጠይቁት ልብሶች አንዱ የስኮትላንድ ሰዎች ኪልት ነው።

ኪልት ማለት ከወገብ እስከ ጉልበት የሚደርስ፥ ከኋላው የተሸነሸነ፥ ከፊቱ ሽንሽን የሌለበት፥ በወገብ ዙሪያ ተጠምጥሞ በቆዳ ማሰሪያና በዘለበት የሚታሰር የወንዶች ልብስ ነው። ላንባቢ ለማስረዳት ያህል ሽርጥን ይመስላል ብንል ከውነት አንርቅም፤ ነገር ግን የጨርቁ ውፍረትና የሽንሽኑ ብዛት ከሽርጥ ይለየዋል። ዛሬ ብዙ ሰዎች ኪልትን የሚያዩት በሠርግና በበዓል ቀን፥ ወይም መለከትና ከበሮ በሚመታበት ሰልፍ ላይ ብቻ ስለ ሆነ፥ ይህ ልብስ ለተራራ መንገድና በድንኳን ለማደር የማይሆን ይመስላቸዋል። ታሪኩን የመረመረ ሰው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን ያገኘዋል፤ ኪልት ከመዠመሪያውም የሜዳና የተራራ ልብስ ነበረና።

ልብስም አልጋም እንደ ነበረ

ከ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ዠምሮ የስኮትላንድ ደገኞች ይለብሱት የነበረው ትልቁ ኪልት አንድ ረዥም የሱፍ ጨርቅ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሰውዬው ጨርቁን በመሬት ላይ ዘርግቶ በእጁ ይሸነሽነዋል፤ በላዩም ተጋድሞ በቀበቶ ከታጠቀው በኋላ ብድግ ይላል። ከቀበቶው በታች ያለው እስከ ጉልበቱ ይወርዳል፤ ከቀበቶው በላይ የተረፈው ደግሞ በትከሻ ላይ ተጥሎ እንደ ካባ ይሆናል፥ ዝናብ ሲመጣም ራስን ይሸፍናል። ሲመሽ ቀበቶውን ይፈታና ያንኑ ልብስ ተጠቅልሎ በሜዳ ይተኛበታል። ቀን ጋቢውን ደርቦ የዋለ፥ ሌሊትም በዚያው ጋቢ ተሸፍኖ ያደረ ያገራችን መንገደኛ የዚህን ጥቅም ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

በ18ኛው መቶ ዓመት መዠመሪያ ላይ የላይኛው ክፍል ቀርቶ የታችኛው ብቻ የሚለበስበት ትንሹ ኪልት ተለመደ። ዛሬ ኪልት የምንለው ከዚህ የተገኘው ነው። የሽንሽኑም ነገር ቀስ በቀስ በልብስ ሰፊ እጅ በክር የሚያዝ ሆነ።

ይህን ልብስ ለብሶ መሄድ ወንጀል የሆነበትም ዘመን ነበረ። በ1746 በኩሎደን ሜዳ ላይ የስቱዋርት ወገን ደጋፊዎች ድል ከሆኑ በኋላ፥ የብሪታንያ ምክር ቤት የደገኞችን ልብስ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕጉን የተላለፈ ሰው ለመዠመሪያ ጊዜ 6 ወር ይታሰር፥ ደግሞ የተገኘ እንደ ሆነ ከባሕር ማዶ ተወስዶ 7 ዓመት በግዞት ይቀመጥ ተብሎ ተደነገገ። በመንግሥቱ ሠራዊት ውስጥ የሚያገለግሉ የደጋ ወታደሮች ግን ከዚህ ነፃ ነበሩ። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። እንግዲህ አንድ ትውልድ ሙሉ ልጆቹን ያባታቸውን ልብስ ሳያለብስ አሳደገ ማለት ነው። ዛሬ አንድ የስኮትላንድ አባት ለልጁ ኪልት ሲመርጥለት ከጨርቅ በላይ የሆነ ነገር እንደሚያወርሰው የሚሰማው ስለዚህ ነው።

ጦርነት ያስተማረው ትምህርት

ኪልት በሜዳ ላይ ምን እንደሚጠቅምና ምን እንደሚጎዳ ያስተማረው ትልቁ መምህር የመዠመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። ከ1914 እስከ 1918 ድረስ የስኮትላንድ ወታደሮች በኪልት ሆነው በፈረንሳይና በቤልጅግ ምሽግ ውስጥ ተዋጉ። እርጥብ ጭቃ በሽንሽኑ ውስጥ ሲገባ ልብሱ እጅግ ይከብድ ነበር፤ በክረምት ደግሞ የራሰው ጠርዝ በውርጭ ደርቆ እንደ ስለት የጉልበታቸውን ጀርባ ይቈርጣቸው ነበር፤ ቅማልም በሽንሽኑ እጥፋት ውስጥ ይራባ ነበር። በሌላ ወገን ግን የወገቡ ውፍረት ሆድንና ኵላሊትን ያሞቃል፤ እግርንም ለመራመድ ነፃ ይተወዋል። ሁለተኛው ጦርነት በ1939 ሲነሣ ኪልት በጦር ግንባር እንዳይለበስ ታዘዘ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ባዶ እግርን ከመርዝ ጋዝ የማይከላከል መሆኑ ነው። በ1940 በፈረንሳይ ግንባር ኪልትን ለብሰው በመዋጋት መጨረሻ የሆኑት የካሜሮን ደገኞች የሚባሉት ወታደሮች ናቸው፤ የነዚሁ ሁለተኛ ባታሊዮን በ1941 በከረን ተራሮች ላይ ተዋግቷልና፥ የያዘው ተረተር በጦር ታሪክ የካሜሮን ተረተር ተብሎ ይጠራል።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ ኪልት በሜዳ ላይ ጠላቱ ሦስት ነው፤ ከመጠን ያለፈ ክብደት፥ ያልደረቀ እርጥበትና የማይጸዳ እጥፋት። ለተራራ መንገድ ኪልት የሚመርጥ ሰው እነዚህን ሦስቱን አስቦ ይምረጥ።

ስለ ጨርቁ ዓይነትና ክብደት

የኪልት ጨርቅ ክብደት በአውንስ ይቈጠራል፤ ይኸውም 150 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርድ ካለው ጨርቅ አንዱ ያርድ የሚመዝነው ነው። ቀላሉ 10 ወይም 11 አውንስ፥ መካከለኛው 13 አውንስ፥ ከባዱ 16 አውንስ ይሆናል። የሙሉ በዓል ኪልት 8 ያርድ ማለት 7 ሜትር ከ30 ያህል ጨርቅ ይፈጃል፤ ልብስ ሰፊው 4 ያርዱን ጨርቅ በቁመቱ ለሁለት ከፍሎ ስለሚያጋጥመው ነው። እንደዚህ ያለው በከባዱ ጨርቅ የተሠራ እንደ ሆነ ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። ባምስት ያርድ ብቻ ከመካከለኛው ጨርቅ የተሰፋ ኪልት ግን 1 ኪሎ ያህል ቢመዝን ነው። ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ለሚወጣ ሰው የዚህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ከራሰ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ለሜዳ የሚመረጠው ባምስት ያርድ የተሰፋ፥ 13 አውንስ የሚመዝን የሱፍ ኪልት ነው። እጅግ ቀላል የሆነውን 10 አውንስ የመረጠ ሰው ግን ነፋስ በተነሣ ቍጥር ልብሱን በእጁ ይዞ መሄድ ግድ ይሆንበታል፤ ኪልትን በቦታው የሚያጸናው የራሱ ክብደት ነውና። በዚህም ነገር መካከለኛው መንገድ ይሻላል።

ጨርቁ ከምን ይሁን? የበግ ጠጕር ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ሱፍ ከክብደቱ 30 በመቶ ያህል እርጥበት በውስጡ ቢይዝም ለባሹ ሲነካው ገና ደረቅ ይመስለዋል፤ ሙቀትም ቶሎ አይለቅም፤ የላብ ሽታም ቶሎ አይይዝም። ከሱፍ የማይሠሩ ሌሎች ኪልቶችም አሉ። ከ2000 ዠምሮ በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ ከወፍራም የጥጥ ጨርቅ ብዙ ኪስ ያለው የሥራ ኪልት እየተሠራ ይሸጣል። ይህ ላናጢና ለአትክልተኛ መልካም ነው፤ እሾህና ቋጥኝም ቶሎ አይቀደውም። ጥጥ ግን ከራሰ በኋላ ለመድረቅ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፤ በዚያም ጊዜ የገላን ሙቀት ይወስዳል። ዝናብ በሚበዛበትና ነፋስ በሚነፍስበት ተራራ ላይ እንዲህ ያለውን ልብስ መልበስ ያስነጥስ ይሆናል ብሎ በቀላሉ መናገር አይገባም፤ ሙቀት እየጐደለ ሲሄድ ሕይወትን እስከ ማጥፋት ይደርሳልና። ፖሊየስተርና ቪስኮስ ከሚባሉት የተሠራው ደግሞ ዋጋው ይቀላል፥ በቤትም ይታጠባል፥ ቶሎም ይደርቃል፤ ነገር ግን ከዚህ በታች እንደምንናገረው ከእሳት አጠገብ አይታመንም።

ስለ እሳት መጠንቀቅ

በድንኳን የሚያድር ሰው ማታ ከእሳት ዳር መቀመጡ አይቀርም። ሱፍ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ፍንጣሪ ቢያርፍበት ይጠቁራል እንጂ ነበልባል አይዝም፤ እሳቱም ሲርቅለት አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ፖሊየስተር ግን 250 ዲግሪ ያህል ሙቀት ሲያገኘው ይቀልጣል፤ የቀለጠውም በቈዳ ላይ ተጣብቆ ክፉ ቃጠሎ ያመጣል። ጥጥም በፍጥነት ይነዳል። እንግዲህ ልጆቹን ይዞ በሜዳ የሚያድር አባት፥ በተለይ ለትንንሾቹ፥ በዋጋ መርከስ ብቻ ተስቦ የሚቀልጥ ጨርቅ እንዳይገዛ እንመክረዋለን። በየትኛውም ኪልት ቢሆን ከምድጃ ላይ ሲያጐነብሱ የፊቱ ክፍል ወደ እሳቱ እንዳይንጠለጠል በአንድ እጅ ሰብሰብ ማድረግ ልማድ ይሁን።

ስለ ልኩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በልኩ ነው። የሱሪውን ቍጥር ለልብስ ሰፊው ይነግረዋል፤ ኪልት ግን የሚታሰረው ሱሪ በሚታሰርበት ቦታ ሳይሆን ከዚያ ከፍ ብሎ በእንብርት አጠገብ ነው። ስለዚህ በእንብርት ዙሪያና በዳሌ ዙሪያ በሜትር መለካት ያስፈልጋል።

የቁመቱ ነገር በወጉ እስከ ጉልበት ሎሚ መካከል ነው። መርማሪው ቀላል ነው፤ ለባሹ በሁለት ጉልበቱ ሲንበረከክ ጠርዙ መሬት ሳይነካ ጥቂት ከፍ ብሎ መቅረት አለበት። ለተራራ የሚሆነው ግን ከዚህ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ቢያጥር ይሻላል፤ የጉልበቱ ሎሚ ነፃ ይሆናል፥ የራሰውም ጠርዝ የጉልበትን ጀርባ እየፈተገ አያቈስልም። ከላይ ያነሣነውን የምሽግ ወታደሮች ሥቃይ ያስታውሷል።

ደግሞ በጀርባ የሚታዘለው ሻንጣ የወገብ ቀበቶ በኪልቱ ዘለበት ላይ ቢያርፍ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ጐንን ያሳምማል። ስለዚህ ኪልቱን ከመግዛት በፊት የተጫነ ሻንጣ አዝሎ መሞከር ብልኅነት ነው። ከፊት የሚንጠለጠለው ስፖራን የሚባለው ኮረጆም በመንገድ ጊዜ ጭንን እየመታ ያስቸግራልና፥ ወደ ጐን መመለስ ወይም በቤት መተው ይቻላል። ከፊት ክፍሉ ጥግ ላይ የሚሰካው መርፌ ቁልፍ የላይኛውን ጨርቅ ብቻ ይያዝ፤ ሁለቱን ጨርቆች አንድ ላይ የሰካቸው ሰው ሲራመድ ይቀደድበታል።

ከኪልት በታችና ከጉልበት በታች

በኪልት ውስጥ ምን ይለበሳል የሚለው ጥያቄ ለቀልድ የተመቸ ሆኖ ከብዙ ዘመን ዠምሮ ይነገራል። በተራራ ላይ ግን መልሱ ቀልድ የለበትም። ረዥም መንገድ የሚሄድ ሰው ጭኑ እርስ በርሱ እየተፋተገ እንዳይላጥ፥ ነፋስም ሲያነሣው ወይም አጥር ሲሻገር እንዳያፍር፥ ገላ ላይ የሚጣበቅ አጭር የውስጥ ሱሪ ይልበስ።

ለእግሩም ከጉልበት በታች የሚደርስ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ያስፈልገዋል። ሣሩ በረዘመበትና ሳማ በበዛበት ስፍራ ገንባሌ ቢጨምር ይጠቀማል። በስኮትላንድ ደጋ ሣርና ቍጥቋጦ ውስጥ መዥገር አለ፤ ይህም መዥገር ላይም የሚባለውን በሽታ ወደ ሰው ያስተላልፋል። ስለዚህ ኪልት የለበሰ ሰው ሁልጊዜ ማታ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ እግሩን፥ የጉልበቱን ጀርባና ብሽሽቱን ይመርምር፤ እናት ለልጆችዋ ይህን ታድርግላቸው። መዥገር ቢገኝ በቀጭን ወረንጦ ከቈዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ ቀስ ብሎ መሳብ ነው እንጂ፥ ዘይት መቀባት ወይም በእሳት መለብለብ አይገባም። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ቦታው እየሰፋ የሚሄድ ቅላት ያሳየ እንደ ሆነ ሳይዘገዩ ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል።

ሌላዋ አስቸጋሪ ሚጅ የምትባል እጅግ ደቃቅ ትንኝ ናት። በተለይ ከግንቦት እስከ መስከረም በንጋትና በምሽት፥ ነፋስ ጸጥ ሲል፥ በመንጋ እየመጣች ትነክሳለች። ነፋስ ሲነፍስ ግን መብረር ያቅታታል። ስለዚህ ድንኳን ሲተክሉ ነፋስ የሚደርስበትን ከፍ ያለ ቦታ መምረጥ፥ ማታም ረዥም የውስጥ ሱሪ ለብሶ እግርን መሸፈን መልካም ነው። በባዶ እግር መቀመጥ ጀግንነት አይደለም።

መቼና የት እንደሚለበስ

ከግላስጎው አጠገብ ካለችው ከሚልጋይ ተነሥቶ እስከ ፎርት ዊልያም የሚደርሰው የምዕራብ ደጋ መንገድ በ1980 ተከፍቶ 154 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በበጋ ወራት ለእንደዚህ ያለው መንገድ ኪልት የሚስማማ ልብስ ነው። በመጨረሻው ላይ ያለው የቤን ኔቪስ ተራራ ግን 1345 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከባሕር ዳር ካለችው ከተማ ይልቅ ጫፉ 9 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከታች ፀሐይ ሲወጣ ከላይ በረዶ የሚጥልበት ቀን አለ። ስለዚህ ኪልት ለብሶ የሚወጣ ሰው በሻንጣው ውስጥ የዝናብ ሱሪና ሙቅ የውስጥ ልብስ ሳይዝ አይነሣ። ክረምት ከገባ በኋላ፥ በረዶ በተራራው ላይ ሲጋገር፥ ኪልቱን በቤት ትቶ ሱሪ መልበስ ወግን መካድ አይደለም፤ ወግ የሚቈየው ባለ ወጉ በሕይወት ሲመለስ ነው።

በ2003 የወጣው የስኮትላንድ የመሬት ሕግ ሰው ሁሉ በኀላፊነት እስካደረገው ድረስ በብዙው ያልታጠረ መሬት ላይ እንዲዘዋወርና በቀላል ድንኳን እንዲያድር ይፈቅዳል። በሎክ ሎሞንድ ባሕር ዳርቻ ባሉት አንዳንድ ስፍራዎች ግን ከ2017 ዠምሮ ከመጋቢት እስከ መስከረም ፈቃድ ሳይቀበሉ ማደር የተከለከለ ነው።

ስለ አያያዙ

ኪልት በሻንጣ ሲገባ እንደ ሸሚዝ መታጠፍ የለበትም። ሽንሽኑን አስተካክሎ በቁመቱ እንደ ምንጣፍ መጠቅለል፥ በላዩም አሮጌ ካልሲ ወይም መቀነት ማሰር ነው። በጭቃ የተነካ እንደ ሆነ እርጥቡን ከማሸት ይልቅ ጭቃው እስኪደርቅ ታግሦ በብሩሽ ማራገፍ ይሻላል። የራሰውን በእሳት ላይ ሰቅሎ ማድረቅ ሱፉን ያኰማትረዋል፤ በጥላና በነፋስ ይድረቅ። በቤት ማጠብ ግድ ከሆነ አስቀድሞ ሽንሽኖቹን በላላ ክር ዘምዝሞ ማያያዝ፥ በቀዝቃዛ ውሃም ቀስ አድርጎ ማለቅለቅ ነው። ሲቀመጥ ከብል ይጠበቅ።

ስለ ሴቶች፥ ስለ ልጆችና ስለ ገንዘቡ

የወንድ ኪልት በቀኝ በኩል ይዘጋል። ለሴቶችም በዚሁ ዓይነት የተሸነሸነ ጉርድ ቀሚስ ይሰፋል፤ ከላይ የተናገርነው ስለ ጨርቅ፥ ስለ እሳትና ስለ መዥገር ያለው ምክር ሁሉ ለነርሱም ያው ነው። ለልጅ በሚሰፋው ውስጥ አስተዋይ ልብስ ሰፊ ወደ ውስጥ የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ ይተዋል፤ ልጁ ሲያድግ እየተፈታ ይረዝምለታል። የአዋቂውም ዘለበት ቦታው እየተለወጠ ሊሰፋለት ወይም ሊጠብብለት ይችላል። ታርታን ስለሚባለው ባለ መስመር ቀለም የሚጨነቁም አሉ፤ የባዕድ ሰው የአንዱን ወገን ታርታን እንዳይለብስ የሚከለክል ሕግ ግን የለም፤ ለማንም የሚሆኑ የታወቁ ታርታኖችም ሞልተዋል።

በእጅ የተሰፋ የሙሉ ሱፍ ኪልት ብዙ መቶ ፓውንድ ያወጣል፤ ነገር ግን በወጉ ከተያዘ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። ታዲያ ከአያቱ የወረሰውን ባለ 8 ያርድ ኪልት የያዘ ሰው ወደ ጭቃና ወደ እሾህ ይዞት ይሂድ? እኛ የምንለው ይህ ነው፤ የወረሰውን ለሠርግና ለበዓል ያስቀምጠው፤ ለሜዳ ሌላ ቀለል ያለ፥ ቢቻል በሌላ ሰው የተለበሰ የሱፍ ኪልት በርካሽ ገዝቶ ያሳጥረው። ለሁለተኛ ኪልት ገንዘብ ያላገኘ ቤተ ሰብ ግን ልጁን በሱሪ ወደ ተራራው ይውሰደው እንጂ፥ ልብስ የለንም ብሎ ከመንገዱ አያስቀረው።

ያገራችን ሰው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል። ኪልትም የሚጠመጠም ልብስ ነውና፥ ከመጠምጠሙ በፊት ክብደቱን፥ ልኩንና የሚሄድበትን የተራራ ጠባይ የተማረ ሰው፥ አባቶቹ ታስረው ያላስጣሉትን ልብስ በጤናና በደስታ ለብሶት ይመለሳል።